ለድሬ ሣር ሳይሆን ጥላ

ሰሞኑን በየከተማው የሚሠራው መናፈሻ ሁሉ አንድ እናት የወለደችው ይመስላል፦ ሣር፣ ፏፏቴ፣ መብራት፣ «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ሰሌዳ። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ለተቀመጠችው አዲስ አበባ ይሁን። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ቀትር ላይ ሣር ላይ ጋደም የሚል ተማሪ ካለ ያሳዩኝ።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ከግቢው ጎን ለከተማው ሰው ጭምር ክፍት የሆነ መናፈሻ ቢኖረው ደስ ይለኛል። የምፈራው ለፎቶ ብቻ እንዳይሠራ ነው። የምንጠጣው ውሃ ከሳቢያን ጉድጓዶች የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ኖራው ጀበናችንን እንኳ አልማረም። እሱን ስበን ሣር ልናጠጣ ነው? ከተማሪዎች መታጠቢያና ልብስ ማጠቢያ የሚወጣው ውሃ በአሸዋ ተጣርቶ ለዛፍ ይበቃል።

ዛፉ ደግሞ ይታሰብበት። በስማችን የሚጠራው የድሬዳዋ ዛፍ (አገሩ ማዳጋስካር ቢሆንም) ቀይ አበባው ያምራል፣ ነገር ግን ድርቅ ሲበረታ ቅጠሉን ያራግፋል። ጥላ በሚያስፈልግበት ወር ራቁቱን ከቆመ ምን ይሠራልናል? ለመንገዱ ዳር ይሁን። ለመቀመጫው ኒም፣ ሮቃና ግራር ይተከሉ፤ ሥራቸው ጠልቆ ውሃ የሚፈልግ፣ ድርቅ የለመዱ ናቸው። ባቡሩ በ1895 ሲደርስ «ከዚራ» የሚባለውን የከተማችንን ሰፈር የቀየሱት ሰዎች ነገሩ ገብቷቸው ነበር፤ ዛሬም እዚያ በእግር መሄድ የሚቻለው ከዛፉ የተነሣ ነው።

መሬቱም ዝቅ ተደርጎ ይሠራ፣ የክረምት ዝናብ እዚያው ገብቶ ይስረግ። በ1998 ክረምት ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። አንድ መናፈሻ ያን ያህል ጎርፍ አያቆምም፤ ቢያንስ የራሱን ዝናብ በሲሚንቶ ንጣፍ አንሸራትቶ ወደ ሰፈር አይልክ።

አጥርና የመግቢያ ክፍያ አልደግፍም። ጥበቃ ያስፈልጋል፣ ጥበቃ ግን ደመወዝ እንጂ ግንብ አይደለም። የድሬ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ፀሐይ ሲበርድ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። የመንግሥት ሥራ ሰዓት ጠብቆ የሚዘጋ መናፈሻ ከሆነ ለማን እንደተሠራ አይገባኝም። ተማሪው በኒም ሥር እያጠና፣ እናቶች በመቀመጫው ሻይ ይዘው፣ ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ እየጠለዙ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ይሁን፤ መብራቱ በፀሐይ ኃይል ይሥራ። ፀሐይ እንደሆነ አልተቸገርንም፣ አቦ።