ዳተም ያልገባው ሠልጣኝ ጂአይኤስ ተምሯል አይባልም

ሰሞኑን አንድ የሥልጠና ማዕከል የጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ የመሥራትና የቦታ መረጃን የመተንተን ሙያ) ጀማሪ ኮርሱን ሲያሳጥር ከሁሉ አስቀድሞ የቆረጠው የኮኦርዲኔት ሥርዓትና የዳተም ክፍሉን ነው፦ ኮኦርዲኔት ሥርዓት ቦታን በቁጥር የምንገልጽበት ዘዴ ነው፤ ዳተም ደግሞ ቁጥሮቹ የሚለኩበት የምድር ቅርጽና መነሻ ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ ስለሚያገጣጥመው ጀማሪን በሒሳብ ማስፈራራት አያስፈልግም ተብሏል።

ምኑን ነው የሚያገጣጥመው? የጂአይኤስ ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስም ሆነ አርክጂአይኤስ ሌየሮችን (የካርታ መረጃ ንብርብሮችን) የሚደራርበው ፋይሉ ላይ የተሰጠውን የኮኦርዲኔት ሥርዓት መለያ አምኖ ነው። የተሳሳተ መለያ ከሰጡት በተሳሳተ ቦታ ያስቀምጣል።

ነባሮቹን የ1፡50,000 ካርታዎቻችንን እንውሰድ። የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ነው። የእጅ ጂፒኤስ ደግሞ ካልቀየሩት የሚሰጠው በዓለም አቀፉ ዳተም በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱም ዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚገልጽ ሥርዓት) ዞን 37፣ ሁለቱም በሜትር፣ ቁጥሮቻቸውም ተቀራራቢ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ከአዲንዳን ካርታ ያነበበውን ነጥብ እንደ ደብሊውጂኤስ 84 ያስገባ ሰው ግን ነጥቡን ወደ ደቡብ 200 ሜትር፣ ወደ ምዕራብ 90 ሜትር ያህል ያሸሸዋል። ሶፍትዌሩ አንድም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ካርታውም ያምራል። የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪው ግን የሌላ ሰው ማሳ ላይ ይቆማል። የዞን ስህተትማ ራሱን ያጋልጣል፦ ድሬዳዋ ዞን 37 ውስጥ ነች፤ ሐረር የሁለቱ ዞኖች ወሰን የሆነውን 42ኛውን የኬንትሮስ ዲግሪ ስላለፈች ዞን 38 ውስጥ ነች። ሐረር ላይ በዞን 38 የተመዘገበ ነጥብ ዞን 37 ተብሎ ቢከፈት ነቀምትና ጊምቢ መካከል ያርፋል፤ ይህ ለማንም ይታያል። የ200 ሜትሩን ማን ያየዋል?

ደግሞስ የቱ ሒሳብ ነው የሚያስፈራው? ሠልጣኙ ሁለት ትእዛዞችን ይለይ። አንደኛው ለሌየሩ ሥርዓቱን መንገር ነው፤ ቁጥሮቹን አይነካም። ሁለተኛው ሪፕሮጀክት ማድረግ ነው፤ ቁጥሮቹን አስልቶ አዲስ ፋይል ያወጣል። የአዲንዳን መረጃ የያዘ ሰው መጀመሪያ 20137 (የአዲንዳን ዞን 37 መለያ ቁጥር) ብሎ ይነግረዋል፤ ቀጥሎ ወደ 32637 (የደብሊውጂኤስ 84 ዞን 37 መለያ) ሪፕሮጀክት ያደርገዋል። ፕሮግራሙ የትራንስፎርሜሽን (ከዳተም ወደ ዳተም የመቀየሪያ ስሌት) ዝርዝር ሲያቀርብ ለኢትዮጵያ የተዘጋጀውን ይመርጣል፤ የዳተም ለውጥ የሌለበትን ግምታዊ አማራጭ ከተቀበለ ስህተቱ እንዳለ ይቀራል። «ራሱ ያገጣጥመዋል» የተባለው ሶፍትዌር እዚህ ላይ የሚጠይቀው ሰውየውን ነው! በመጨረሻ ውጤቱን የሳተላይት ምስል ላይ ጥሎ በድልድይ ወይም በመንገድ መጋጠሚያ ያመሳክራል።

ዲግሪም ሌላ ወጥመድ ነው። ኪውጂአይኤስ ውስጥ በ4326 (በዲግሪ በሚለካው የደብሊውጂኤስ 84 ሥርዓት) ላይ ባለ ሌየር የጤና ጣቢያ ዙሪያ 500 ሜትር በፈር (የዙሪያ ክልል) ሊያወጣ 500 ብሎ የጻፈ ጀማሪ ያዘዘው 500 ዲግሪ ነው፤ የምድር ዙሪያ ራሱ 360 ነው።

እርግጥ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን ባለቀለም ካርታ ሠርቶ ቢደሰት አይከፋም። ጊዜ ካጠረ ግን የሚቀነስ ሞልቷል፦ የቀለም ምርጫው፣ የሰሜን ቀስቱ፣ የሌጀንዱ አደራደር ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። ማዕከሉ የቆረጠውን ይመልስ። የማጠቃለያ ፈተናውም ከነባር ካርታ ላይ የተቀዳ፣ ሥርዓቱን የሚናገረው የፒአርጄ ፋይሉ የተሰረዘበት ሼፕፋይል (የጂአይኤስ መረጃ ፋይል) ከካርታው ጋር ሰጥቶ ዳተሙን መጠየቅ ይሁን። የካርታውን ኅዳግ አንብቦ መልሱን ማግኘት ላልቻለ ሠልጣኝ ሰርተፊኬት አይሰጠው።