ነጩን ወዳችሁ እጁን ጠላችሁ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገራችሁ ስለ ለበሳችሁት ልብስ ነው። ቃሌ ቢከብዳችሁም እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ባለፈው የከተራ ዕለት የእህቴ ልጅ አዲሱን ቀሚሷን ልትተኩስ ካውያ ሰካች። ቀሚሱ ነጭ ነው፤ ከደረቱ እስከ ታች ጠርዙ በአረንጓዴና በወርቃማ ጥለት ያጌጠ። ካውያው ጥለቱን ሲነካው ጨርቁ ተኮማትሮ ብረቱ ላይ ተጣበቀ። ቤቱን የሚቃጠል ፌስታል ሽታ ሞላው። ልጅቷ አለቀሰች። እኔ ቀሚሱን ገልብጬ በስተውስጥ አየሁት። አንድም የጥለት ክር የለበትም። ጥለቱ አልተሸመነም፤ እንደ ጋዜጣ የታተመ ነው። ጨርቁም ጥጥ አይደለም፤ ከነዳጅ የሚሠራ፣ በጥቅል ታስሮ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ፖሊስተር ነው። እሷ ግን የገዛችው የሐበሻ ልብስ ነው ተብላ ነው።

በማግስቱ ታቦት ስናጅብ ያን ሁሉ ነጭ ለባሽ እያየሁ ሆዴ ተላወሰ። የእኔና የእናንተ ጥፋት ታየኝ። ነጩን ልብስ እንወዳለን፤ ነጩን የሚያወጣውን እጅ ግን አንወድም። ዛሬም በመካከላችን "ሸማኔ" የሚለው ቃል ለስድብ ይወጣል። ልጁን ለሸማኔ ቤት መዳር የሚያሳፍረው አባት፣ በልጁ ሠርግ ቀን ሸማኔው የሠራውን ኩታ ደርቦ ይደምቃል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ክልክል ነው ብለው አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን ከአፋችን አልወጣም።

እናቴ ፈታይ ነበረች። ጥጡ ከገበያ ሲመጣ ከነፍሬው ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ በቀጭን ብረት ትዳምጠዋለች፤ ፍሬው እየተፈነጠረ ወደ ፊት ይወድቃል፣ ጥጡ ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ በደጋን ትነድፈዋለች፤ የጅማቱ ድምፅ እስከ ጎረቤት ይሰማል። የተነደፈውን ጠቅልላ አመልማሎ ታደርገዋለች። እንዝርቱን አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ ግራ እጇ ወደ ላይ እየሸሸ አመልማሎው ወደ ክር ይቀጥናል። ክሩ ቢወፍር ነጠላው ይሸክራል፣ ቢቀጥን ይበጠሳል፤ ልኩን የሚያውቀው ጣቷ ብቻ ነው። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ ሳምንታት ይፈጃል፤ ያውም ቡና እያፈሉ፣ ልጅ እያባበሉ። ልቃቂቱ ሲሞላ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። እሱ ደግሞ ድሩን አድርቶ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልስ ይውላል። ጥለት የሚጥል ሸማኔ ክሮቹን በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል፤ አንዷን ከሳተ የመስቀሉ ክንፍ ይጣመማል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈታል። ይህን ሁሉ የሠራውን ሰው ነው ገበያ ላይ "ኧረ ቀንስ፣ የታተመው እኮ በግማሽ ዋጋ ይገኛል" የምትሉት።

ጥጥ ለእኛ የትናንት እንግዳ አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በዛሬዋ ሱዳን የነበረውን የኖባን አገር በወጋ ጊዜ የእህልና የጥጥ ክምችታቸውን ወንዝ ውስጥ እንደ ጣለ በድንጋይ ላይ አስጽፏል። ጥጥ ማጥፋት ጠላትን ማደኽየት ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያህል ሀብት ከእጃችን መሸሽ የጀመረው ደግሞ ዛሬ አይደለም።

አቡጀዲ የምትሉትን ጨርቅ ታውቁታላችሁ። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከሚገቡት ሸቀጦች ሁሉ ዋነኛው እሱ ነበር፤ የመጣውም ከአሜሪካ ነው። ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የንግድ ውል የተፈራረመው ይህን ገበያ አይቶ ነው። አያቶቻችን አቡጀዲውን ለሸሚዝ፣ ለሱሪ፣ ለድንኳን፣ ለመገነዣም ገዙት። ጥጡን ማን እንደ ለቀመው ግን የጠየቀ አልነበረም። በአሜሪካ ደቡብ መጀመሪያ ባሪያ የሰበሰበው የቨርጂኒያ ትምባሆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1793 የጥጥ መዳመጫ መኪና ሲፈለሰፍ ደግሞ ጥጥ ትምባሆን በለጠው። በ1790 ሰባት መቶ ሺህ ያህል የነበረው የባሪያ ቁጥር በ1860 ወደ አራት ሚሊዮን ተጠጋ። መኪናው ፍሬውን ከጥጡ በቶሎ ለየ፤ የሚለቅመው ግን ያው የሰው እጅ ነበርና፣ ብዙ ጥጥ ማለት ብዙ ባሪያ ሆነ። ስኪነር እኛ ዘንድ ሲመጣ ባርነት በሕግ ከቀረ 38 ዓመት ሆኖታል፤ ሆኖም የባሪያዎቹ ልጆች በእኩል አራሽነትና በዕዳ ታስረው ያንኑ ጥጥ ይለቅሙ ነበር። አፍሪካዊ የለቀመው ጥጥ ጨርቅ ሆኖ ለአፍሪካዊ ተሸጠ። በኋላም የጃፓን ርካሽ ጨርቅ መጥቶ አሜሪካኑን ከገበያችን አስወጣ። እኛ ከገዢነት አልወጣንም።

"የራሳችን ጥጥ አለን" ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አለን። ስለ እሱም የምወቅሳችሁ ነገር አለኝ። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያልቅ አዋሽ ሸለቆ ለሰፋፊ እርሻ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሚቸል ኮትስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ሆኖ ተንዳሆ ላይ የጥጥ እርሻ አቋቋመ። ሌሎችም ተከተሉ። ያ ዳርቻ ግን ባዶ መሬት አልነበረም፤ አፋሩ በበጋ ከብቱን የሚያወርድበት ሣር ነበር። ዝናብ ሲጠፋ መሸሻው እሱ ብቻ ነው። ጥጥ ሣሩን ከያዘው በኋላ የ1965 ዓ.ም. ድርቅ መጣ፤ ከብቱ አለቀ፣ ሰውም በረሃብ ረገፈ። እኛ ደገኞቹ የአዋሽን ጥጥ ለብሰን፣ አፋሩ በስንት እንደ ከፈለው ሳንጠይቅ ኖርን። ዛሬ ደግሞ ለጥጥ የሚስማማ ሦስት ሚሊዮን ሄክታር መሬት አለን እየተባለ ይነገራል፤ የሚዘራው ግን በብዙዎቹ ዓመታት መቶ ሺህ ሄክታር እንኳ አይሞላም። መሬቱን ልታሰፉ የምታስቡ ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች፣ ካርታውን ከመዘርጋታችሁ በፊት እዚያ ከብት የሚያጠጣውን ሰው ጠይቁ።

ነጋዴዎች፣ ጥለታችንን ፎቶ አንስታችሁ ውጭ አገር ልካችሁ የምታሳትሙ፣ የሸማኔውን እንጀራ እየነጠቃችሁ ነው። ማተም ካልቀረ "የታተመ ነው" ብላችሁ ሽጡ። ጥበብ ብላችሁ አትዋሹ።

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ያላችሁ፣ ዛሬ የጥሩ ሸማ ትልልቅ ገዢዎች ከሆኑት ውስጥ ናችሁ። በስልክ ምስል እያያችሁ ስታዝዙ ዋጋውን እስከ መጨረሻ አትጨምቁ። የምትጨምቁት ዋጋ የት እንደሚያርፍ ልንገራችሁ። ከጋሞ ደጋ "ትማራለህ" ተብለው ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ትንንሽ ልጆች አሉ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮላቸው ከጠዋት እስከ ሌሊት ይሸምናሉ። ሸማኔ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል አላልኩም፤ ብዙዎቹ በላባቸው ልጅ የሚያስተምሩ ናቸው። ነገር ግን ሰው ሊኖርበት በማይችል ዋጋ የተገዛ ቀሚስ ላይ የልጅ እጅ አለበት።

ምን እናድርግ ለምትሉ፦ ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዙና ክብሪት ለኩሱባት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የወረቀት ሽታ አለው፣ አመዱ በጣት ይደቅቃል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጣል፣ ይጨማተራል፣ ጥቁር ጠጣር ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ጥለቱንም ገልብጣችሁ እዩ። ሻጩን "ማነው የሸመነው?" በሉት። ሸማኔውን ካወቃችሁት ከእሱ ከራሱ እዘዙ፤ ቀብዱን አስቀድሙለት፣ የዛሬ ድር ውድ ነውና። በዓመት ሦስት የምትገዙ ከሆነ አንድ ግዙ፤ የእናቴ ጋቢ እስከ ዛሬ ያሞቀኛል።

የእህቴን ልጅ ከበዓሉ በኋላ ሽሮ ሜዳ ወሰድኳት። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጧት። መወርወሪያው ሲያልፍ ዓይኗ አብሮ ይመላለስ ነበር። ዋጋውን ሲነግሯት ደነገጠች፤ ካቃጠለችው ቀሚስ አራት እጥፍ ነው። ከዚያ ከማጉ አንድ ክር ቆርጠው መዳፏ ላይ አኖሩላትና "ጎትቺው ልጄ፣ አይዞሽ" አሏት። ጎተተች። ጥቂት ቆይታ፣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ቆጥራ ቀብድ ሰጠቻቸው።

"ለፋሲካ ይደርሳል" አሏት።