ገዛን፤ ስንሸጥስ?

ዋሽንግተን አካባቢ ኡበር የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው። ኩባንያው ከተቋቋመበት ከ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) እስከ 2019 ድረስ የግል ስለነበር፣ ሹፌሩ ሌት ተቀን ቢነዳም አክሲዮኑን እንደልቡ ከገበያ መግዛት አይችልም ነበር። እንዲህ ያለ ኩባንያ ውስጥ በጊዜ የሚገባው ባለገንዘብ ነው። የአሜሪካ ሕግ መለኪያ አበጅቶለታል፦ በዓመት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ገቢ፣ ወይም ከመኖሪያ ቤት ሌላ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሀብት። ሌላው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

በግንቦት 2019 አክሲዮኑ በ45 ዶላር ለሕዝብ ቀረበ። በመጀመሪያው ቀን ማብቂያ ዋጋው ከዚያ ወርዶ ነበር፤ ቢሆንም ከገበያ ገዝቶ የከፋው ሰው ተሳፋሪ እየጠበቀ በስልኩ ሸጦ መገላገል ይችላል። እኔን የገረመኝ ግን ከሽያጩ በፊት የወጣው መግለጫ ነው። በ2018 ብቻ ከሥራው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ መክሰሩን ኩባንያው ራሱ ጻፈ። ለሹፌሮች የሚሰጠውን ማበረታቻ ለመቀነስ ስለሚፈልግ ቅሬታቸው እንደሚጨምር እንደሚጠብቅም ጻፈ። እስቲ አስቡት፣ አሠሪህ ኪስህን ሊነካ ማሰቡን ሕግ አስገድዶት በአደባባይ ሲናገር! ከመቶ ሹፌር አንዱ እንኳ ያነበበው አይመስለኝም፤ ሰነዱ ግን ዛሬም በነጻ ይነበባል።

አገር ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባንኮቻችን "የግል" ይባሉ እንጂ ባለቤታቸው ብዙ ሺህ ሰው ነው፤ መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ጡረተኛውም አለበት። ሲሸጡ ሀብትህ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅህ የለም፤ ፎርም ሞልተህ መክፈል ነው። ጣጣው ገንዘብህ ሲያስፈልግህ ነበር የሚመጣው። ገበያ ስላልነበረ ዋጋውን በርግጠኝነት የሚነግርህ አልነበረም፤ "ዘንድሮ ስንት ፐርሰንት አካፈሉ?" ተብሎ በግምት ይወራ ነበር። ገዢ በዘመድ በወዳጅ ታፈላልግ ነበር። ውጭ አገር ካለህ ኤምባሲ ሄደህ ውክልና ትልክ፣ ወኪልህ ውልና ማስረጃ ይሰለፍ፣ ከዚያ የባንኩ አክሲዮን ክፍል ስም እስኪያዛውር ትጠብቅ ነበር።

የውጭ ፓስፖርት የያዝነው ሰዎች ደግሞ ሌላም አየን። በ2016 ብሔራዊ ባንክ አክሲዮናችንን እንድንለቅ አዘዘ፤ በ2019 ሕጉ ተሻሽሎ እንደገና ተፈቀደልን።

አሁን ገበያው አለ። በጥር 2025 አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቶ፣ ወጋገን ባንክ አክሲዮኑ እንዲሸጥበት ቀድሞ ተመዘገበ። ዘመድ ሲደውል የሚጠይቀኝ "ዋጋው ይጨምር ይሆን?" ብሎ ነው። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ በሳምንት ስንት ሰው ገዝቶ ስንት ሰው ይሸጣል የሚለው ነው፤ ተመዝግቦ ገዢ የሌለው አክሲዮን ከድሮው በምን ይሻላል? የኢትዮ ቴሌኮምን ሽያጭ ተመልከቱ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ 300 ብር፣ ለኢትዮጵያ ዜጎች ብቻ ቀረበ፤ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። በስልክ ከፍሎ መግዛት የሚችለው ሕዝብ ብዙ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ወደፊት ለማን በስንት እንደሚሸጠው ስላልታየው ነው እጁን የሰበሰበው።