ደመወዙን ከመጠየቃችሁ በፊት የቪዛውን ዓይነት ጠይቁ

ጎጃም ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህራን ሲገናኙ ወሬያቸው ስለ ደረጃ ዕድገት መሆኑ ቀርቷል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ፣ ስልኩን አውጥቶ የቴሌግራም ማስታወቂያ የሚያሳይ አይጠፋም። ቻይና፣ ታይላንድ፣ ቬትናም። «የእንግሊዝኛ መምህር ይፈለጋል፤ ልምድ አያስፈልግም፤ መኖሪያና ትኬት በነፃ።»

ማን ይፈርድባቸዋል? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሆነ። የመምህሩ ደመወዝ አብሮ አልሮጠም። በዚያ ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ዕድሜውን በጠመኔ አቧራ የጨረሰ ሰው ልሂድ ቢል መብቱ ነው። አትሂዱ አልልም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ደመወዙን ከመጠየቃችሁ በፊት በምን ቪዛ እንደምትገቡ ጠይቁ።

ምክንያቱም ብዙ በር የሚዘጋው እዚያ ላይ ነው። ደቡብ ኮሪያን እንውሰድ። ለቋንቋ መምህር የምትሰጠው ኢ-2 የሚባለው ቪዛ እንግሊዝኛን በተመለከተ ለ7 አገር ዜጎች ነው፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ አየርላንድና ደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያዊ በዚህ ቪዛ እንግሊዝኛ አያስተምርም፤ ችሎታው የቱንም ያህል ቢሆን። ቻይና ደግሞ የቋንቋ መምህር በመርሕ ደረጃ የእናት ቋንቋውን እንዲያስተምር ትፈልጋለች። ይህ ያናድዳል። እንግሊዝኛን ከሰዋስው እስከ ድርሰት አብጠርጥሮ የሚያውቅ የእኛ መምህር በፓስፖርቱ ምክንያት ሲጣል፣ ክፍል ቆሞ የማያውቅ ሌላ ሰው በተወለደበት አገር ብቻ ይቀጠራል። ግፍ ነው። ግፍ መሆኑን እያወቅን ግን ደላላው ሕጉን እንደሚያልፈው ሲነግረን ማመን የለብንም።

ደላላው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። «በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ እዚያ ይቀየርልሃል።» ቻይና ውስጥ የሥራ ቪዛው ዜድ ይባላል። የጉብኝት ወይም የንግድ ቪዛ ይዞ ማስተማር ሕገወጥ ሥራ ነው። ቅጣቱ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ሲሆን፣ ከበድ ካለም ከ5 እስከ 15 ቀን እስር አለው። ፖሊስ ሲመጣ የሚያዘው መምህሩ ነው። ደላላው ስልኩን አያነሳም።

አንድ የቡሬ ልጅ የላከልኝን ውል ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። ገጹ ያምራል፣ ማኅተምም አለው። ደመወዙ በወር 1,500 ዶላር። የትምህርት ቤቱ ስም አንድ ነው፣ ከታች የፈረመው ድርጅት ስም ሌላ። ከተማው አልተጻፈም። የሥራ ሰዓት «እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል። ትኬቱ በነፃ ነው ተብሎ ነበር፤ ውሉ ግን ገንዘቡ የሚመለሰው አንድ ዓመት ሙሉ ከተሠራ በኋላ ነው ይላል። በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት ደመወዝ ይከፈላል ወይ? ዝም። ፓስፖርቱ «ለደኅንነት ሲባል» በአሠሪው ዘንድ ይቀመጣል። እኔ ይህን የመጨረሻውን መስመር ሳይ ሌላውን ማንበብ አላስፈለገኝም።

ጥያቄዎቹ ከባድ አይደሉም። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ነው? ቢሮ መቀመጡስ ይቆጠራል? የሥራ ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው አሠሪና የማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ናቸው? ብታመም ኢንሹራንሱ የማን ነው? ውሉን ባቋርጥ ምን እከፍላለሁ? አሠሪው ቅር ካለው ይቅርበት። የሚያኮራ ትምህርት ቤት መጠየቅን አይፈራም።

የትምህርት ቤቱን ስልክም ከደላላው አትቀበሉ። ራሳችሁ ፈልጉት፣ ደውሉ፣ እዚያ የሚሠራ መምህር አገናኙኝ በሉ። ከቻላችሁ የለቀቀም አግኙ። የቅኔ ተማሪ እንኳ ስንቁን ይዞ ወደ ዋሸራ ከመነሳቱ በፊት መምህሩ ማን ነው፣ ከማን ተማረ ብሎ ያጣራል። ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ሰው ከዚያ ያነሰ ቢጠይቅ እንዴት ይሆናል?

ስለ «ፕሮሰስ» ገንዘብም ልናገር። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲ ለአገልግሎቱ ከሠራተኛው ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። የመግቢያ ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድና የትራንስፖርት ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያሉትን ነው። ስለዚህ በሬውን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ለደላላ መክፈል የሕግ መሠረት የለውም። ኤጀንሲ ነኝ የሚላችሁን ሰው ፈቃዱን ጠይቁት፤ ከዚያ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አጣሩ።

ይህን አጥብቄ የምለው የካቲት 2017 ዓ.ም. ስለተፈጸመው ነገር ነው። ማይንማር ድንበር ላይ ካሉት፣ ሰው አግተው የኢንተርኔት ማጭበርበር ከሚያሠሩት ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ! እንዲህ ያሉ ግቢዎች ሰው የሚሰበስቡት ታይላንድ ውስጥ ጥሩ የቢሮ ሥራ አለ እያሉ ነው፤ የሚፈልጉትም የተማረና እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ነው። የእኛ መምህራን ለዚህ ወጥመድ የተመቹ ናቸው።

ሰነድ የማዘጋጀቱ ጣጣ ሌላ ነው። ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊውን የምስክር ወረቀት፣ ይዞ የትም አይደረስም፤ ኦሪጅናል ዲግሪ ያስፈልጋል፤ የወጪ መጋራት ዕዳው ካልተዘጋ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አይሰጥም። ከዚያ አባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ፦ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ውጭ ጉዳይ፣ ኤምባሲ። ሥራ ሳይገኝ ይህን መጀመር ጥሩ ነው፤ የተቸኮለ ሰው ነው የሚታለለው። ለማስተማሪያ ሰርተፍኬትም ገንዘብ ካላችሁ እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆማችሁ የምትገመገሙበትን ምረጡ። በሁለት ቀን ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠውን አሠሪዎችም ያውቁታል።

ይህን ሁሉ ግን እያንዳንዱ መምህር ብቻውን እንዲሸከም መተው አግባብ አይደለም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 የትምህርት ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ቀየረች። ከዚምባብዌ ጋር በመንግሥት ደረጃ ተስማምታም በ2022 መምህራን አስመጣች። የዚምባብዌ መምህር በደላላ አልሄደም፤ ተመዝግቦ፣ ተፈትኖ፣ ውሉን አውቆ ሄደ። እኛ የሥራ ስምምነት የምንፈራረመው በአብዛኛው ለቤት ሠራተኞች፣ ከአረብ አገራት ጋር ነው። ለመምህራንስ ለምን አይሆንም? የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሎችም ቢያንስ አንድ ነገር ይችላሉ፦ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው መድበው፣ ተመራቂ ውል ይዞ ሲመጣ ከመፈረሙ በፊት አብረውት ያንብቡለት።