ምስክርነትና የጽዋ ማኅበር

ስለ ምስክርነት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ ምእመናን እግዚአብሔር በሕይወታቸው ያደረገላቸውን እርስ በርስ ቢነጋገሩ የክርስቲያኖች አንድነት ይጠነክራል ማለቱን ከልቤ እቀበላለሁ፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 19 ጌታችን ከአጋንንት ነጻ ያወጣውን ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ የተደረገለትን እንዲያወራ ነውና ያዘዘው። ነገር ግን ይህ በጽሑፉ እንደ አዲስ ልማድ መቅረቡ ቅር አሰኝቶኛል፤ ጎጃም ላደግን ሰዎች ከጽዋ ማኅበር ጋር አብሮ የኖረ ነገር ነው።

ቢቸና ውስጥ፣ ወር በገባ በ21 የሚጠጣው የእመቤታችን ማኅበር ተራ እናቴ ላይ በደረሰ ጊዜ፣ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ከተቆረሰና ጠላው ከተቀዳ በኋላ፣ አንዲት እናት የታመመ ልጃቸውን ይዘው ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ጸበል የሰነበቱበትን ጊዜ ተረኩ። ድምፃቸው ሲቆራረጥ ማንም አላጣደፋቸውም፤ የነጠላቸውን ጫፍ እያጠፉ እየዘረጉ እስኪጨርሱ ሁሉም ዝም ብሎ ጠበቀ። በዚያው ሳምንት ማኅበርተኛው ወጥቶ፣ እርሳቸው ጸበል በነበሩበት ጊዜ አረም የዋጠውን የጤፍ ማሳቸውን አረመላቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ፣ ምስክርነቱ በማያውቁን ሰዎች ፊት በድምፅ ማጉያ ብቻ ሲነገር፣ ሰምቶ ማሳ የሚያርም ሰው መታጣቱ ነው። ለንስሐ አባት ብቻ ሊነገር የሚገባውም አብሮ አደባባይ ይወጣል። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በመጀመሪያ የእናቶቻቸውን ማኅበር ገብተው፣ እየቀዱና እያስተናገዱ እንዲያዳምጡ ቢደረግ እመኛለሁ።