ለአሰብ ስንፎክር ተወካያችንን ረሳነው

የሐዋሳ ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው አይጥማችሁም። ግን ስሙኝ።

ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ይዘን ስንቀመጥ ሁላችንም ጄኔራል ነን። አሰብን እናስመልሳለን፣ ለግብፅ መልስ እንሰጣለን። በ2016 ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመውን የመግባቢያ ሰነድ ሳናነብ እንከራከርበታለን። "ፓርላማ የወከለህ ማን ነው?" ሲባል ግን ጸጥ! አንዱ "እነሱ እጅ ከማውጣት ሌላ ምን ሥራ አላቸው" ይላል። ሌላው ይስቃል።

ሳቁ ይብቃን። ያቺ የምትወጣ እጅ ምን እንደምታደርግ ማወቅ የፈለገ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 55 ያንብብ። ጦርነት የሚታወጀው በእሷ ነው። ከውጭ አገር ጋር የተደረገ ስምምነት የሚጸድቀው በእሷ ነው። የመከላከያው፣ የደኅንነቱና የፖሊሱ አደረጃጀት የሚወሰነውም እዚያው ነው። እነዚህ ኃይሎች የዜጋ መብት ሲነኩ ምክር ቤቱ ማጣራት አለበት። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ መጠየቅም ይችላል። ይህ ሁሉ ሥልጣን ግን ጠያቂ ካጣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የ2010ን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስታውሱ። እንዲህ ያለ አዋጅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። መጀመሪያ 346 ደገፉ ተባለ። ቁጥሩ አልሞላም የሚል ጥያቄ ሲነሳ 395 ነው ተብሎ ታረመ። 88 አባላት ተቃውመው ነበር። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የእናንተው ሰው ከየትኛው ወገን ነበር? በ2015 ነሐሴ ለአማራ ክልል የታወጀው ሲጸድቅስ? ኋላ በ2016 ለአራት ወር ሲራዘምስ? በ2012 ለሲዳማ ክልልነት ሪፈረንደም ገና ሳይነጋ ተሰልፈን ድምፅ የሰጠን ሰዎች እኮ ነን። ሰልፉ ላይ ጎበዝ ነን፤ ከሰልፉ በኋላ የለንም።

"ይኼ የአዲስ አበባ ፖለቲካ ነው፣ እኛን ምን አገባን" የምትሉም አላችሁ። እናንተ እንኳ ይህን ማለት አልነበረባችሁም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አጠገባችሁ ነው። በሰሜኑ ጦርነት የመብት ጥሰት ተፈጽሟል ብላ አሜሪካ በ2014 ታኅሣሥ ከአጎዋ፣ ማለትም ምርታችን ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጣችን። በፓርኩ ልብስ ያመርት የነበረው የአሜሪካው ኩባንያ ፒቪኤች ከዚያ ቀደም ብሎ ኅዳር ላይ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ማሽን ላይ የነበሩት ልጆች ናቸው ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቀያቸው የተመለሱት። የቤት ኪራይ ሲቀር ያየ አከራይ ያውቀዋል። ደግሞ አጎዋ ራሱ የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ነው። የሰው አገር ምክር ቤት ያወጣው ሕግ በእንጀራችን ላይ ሲወስን የራሳችንን አንድ ጥያቄ አልጠየቅነውም።

"የጸጥታ ጉዳይ ምስጢር ነው" የሚለው ሰበብም አያዋጣም። ምስጢር የሆነ ነገር አለ፣ አልክድም። ለዚያም ሕጉ መንገድ አበጅቷል። ከግማሽ በላይ አባላት ከደገፉ ምክር ቤቱ በዝግ ይሰበሰባል። በዝግም ቢሆን ይጠየቅ! ምስጢር የሚጠበቀው ከጠላት ነው፤ ከተቆጣጣሪ አይደለም።

ሌላም አመል አለን። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ሲናገሩ መልሱን ቆርጠን ቲክቶክ ላይ እንለጥፋለን። ጥያቄውን ማን ጠየቀ? በደንብስ ተመለሰ? እሱን የሚያይ የለም።

ተወካዮቹ ለእረፍት ሲወጡ ወደ መራጩ ይመጣሉ። አዳራሹ ውስጥ የሚነሳው ውኃ፣ መብራት፣ ኮብልስቶን ነው። ይነሳ፣ ተገቢ ነው። ግን በሚቀጥለው መድረክ አንዳችሁ ማይኩን ያዙና እንዲህ በሉ፦ የውጭ ግንኙነትና የሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ዘንድሮ ማንን ጠርቶ ምን ጠየቀ? አንተስ ለየትኛው አዋጅ እጅህን አወጣህ፣ ለምን? መልሱን ጻፉት። የሚሸሽ ከሆነ አንቀጽ 54 እምነት ያጣችሁበትን ተወካይ ከቦታው እንድታነሱ ይፈቅድላችኋል፤ ይህንንም እዚያው በማይኩ ንገሩት።