እርማት፦ ክራንቹ የተጣለው በተስፋ መቁረጥ አይደለም

ሱሉልታ በሚገኘው ሻይ ቤታችን ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው የበረዶ ሥዕል «ሰውየው ኑሮ መሮት ክራንቹን ወርውሮ ሞቱን እየጠበቀ ነው» የሚል ትርጓሜ ደጋግሜ ሰማሁ። ከዚህም ተነሥተው ሥዕሉ ይውረድ የሚሉ ወንድሞች አሉ።

በአክብሮት ላርም፤ ሥዕሉ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪሕ በ1811 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሣለው ሲሆን፣ ዋናው ለንደን በናሽናል ጋለሪ ይገኛል። ጠጋ ብላችሁ የሰውየውን እጆች ተመልከቱ፤ ድንጋይ ተደግፎ እየጸለየ ነው። ፊት ለፊቱ በጥዶቹ መካከል የተሰቀለው ክርስቶስ አለ። ክራንቹን የጣለው ስለማያስፈልገው ነው። «ጸበል ተጠምቆ ምርኩዙን ጥሎ ሄደ» ሲባል እየሰማን ላደግን ለእኛማ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር! በረዶውን ሰንጥቆ የወጣውን ሣርና ከጭጋጉ ጀርባ ብቅ ያለውን ቤተ ክርስቲያንም አትለፉ፤ ማማዎቹ የጥዶቹን ቅርጽ ይደግማሉ። የእኛ ቤት ሕትመት ስለደበዘዘ ቤተ ክርስቲያኑ ተራራ ሊመስል ይችላል፤ በጋለሪው ድረ ገጽ ላይ ግን አጉልቶ ማየት ይቻላል።

ግራ መጋባቱ ምናልባት ሠዓሊው ለዚህኛው ጥንድ አድርጎ ከሣለው ሌላ ሥዕል የመጣ ይሆናል። በጀርመን ሽቬሪን ሙዚየም ያለው ያ ሥዕል በእርግጥም ጨለማ ነው፤ በደረቁ ዛፎችና በተቆረጡ ጉቶዎች መካከል ምርኩዝ የያዘ ብቸኛ ሰው ይታያል፤ መስቀልም ቤተ ክርስቲያንም የለበትም። ግድግዳችን ላይ ያለው ግን እሱ አይደለም።